በቀን የተወራ ተረት

ነገ ትምህርት ቤታቸው ደራሲ ይመጣል። ልጄ፣ «እማዬ፣ እዚያ የማወራው ተረት ንገሪኝ» አለችኝ። የያዘችው አዲስ መጽሐፍ ሽታ ወዳደግሁበት ወደ ቆላ ድባ መለሰኝ።

አራተኛ ክፍል ሳለን አንዲት የልጆች ደራሲ መጣች። «ተረት ለሚያወራልኝ መጽሐፍ እሰጣለሁ» ስትል ማንም እጁን አላወጣም። ተረት በቀን ከተወራ ከብት ይጠፋል እየተባልን ነው ያደግነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ስንዱ፣ ከአያቷ ከአያ ታከለ የሰማችውን ሸጋ ተረት ማታ ማታ ታጫውተኝ ነበር። ተነሥቼ የሷን ተረት አወራሁት። ተጨበጨበልኝ፤ ቀለሙ ገና የሚሸት መጽሐፍም ተቀበልሁ። ስንዱ አንገቷን ደፋች።

በሳምንቱ የአያ ታከለ በሬ ጠፋ። ተረታቸው ክፍል ውስጥ መወራቱን ሰምተው ኖሮ፣ እኔ ደጃቸው ቆሜ ሳለሁ ስንዱን ጠየቋት።

«ምነው ልጄ፣ ተረቴን በቀን አወጣሽብኝ?»

ስንዱ አየችኝ። ትንሽ ጠበቀችኝም። ከዚያ፣ «ይማሩኝ፣ አያ» አለች።

እኔ መጽሐፉን ነጠላዬ ሥር ሸሸግሁት።

ልጄ አሁንም ትጠብቃለች።

«ሲመሽ እነግርሻለሁ» አልኋት።

«እማዬ፣ መሽቷል እኮ» አለችኝ።