ከሊጥ የወጣ እጀታ

ታናሽ እህቴ እጇ ከመጠን በላይ ትንሽ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፏት እንኳ ጓንት የምትገዛው ከልጆች መደርደሪያ ነው። «ድንቢጥ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በዚያች እጇ ምን ልትሠራ ነው እያልኩ ስስቅባት ነው ያደግነው። እሷ ግን መች ሰማችኝ። ዳቦ ቤት ተቀጠረችና ከዕረፍት ቀኗ በቀር በየቀኑ ከንጋት እስከ ቀትር ሊጥ ስታቦካ ትውላለች።

አምና ደግሞ ኢላማ ተኩስ ጀመረች። አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በአየር ሽጉጥ፣ ከአሥር ሜትር ያስተኩሳሉ። ድንቢጥ ዓይኗ የጭልፊት ነው፤ ጥይቷ ግን ምንጊዜም ወደ ግራ ይሄዳል። በመጨረሻ አሰልጣኙ ቁርጡን ነገሯት፤ በወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአርባ ተኩስ ሦስት መቶ ሃምሳ ነጥብ ካላመጣች በቡድኑ ውስጥ ያላት ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

ያን ዕለት ቤቴ መጥታ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ እጄ ነው» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ስስቅበት የኖርኩት እጅ እኮ ነው።

እኔ አናጺ ነኝ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምል ሰው። በማግስቱ ተከትያት ሄድኩ። ክለቡ ያለው ሽጉጥ ሦስት ነው። ሁሉም የሚሻማው ጥቁሩንና ከባዱን ነው፤ እሷም በመልኩ ተታላ የያዘችው እሱን ነበር። አስጨበጥኳትና ጎንበስ ብዬ ጣቷን ከጎን አየሁት። እጀታው ስለወፈረባት ቃታው ላይ የሚደርሰው የጣቷ ጫፍ ብቻ ነው። በጫፉ ስትስብ ቃታውን ወደ ኋላ መሳቧ ቀርቶ ሽጉጡን ወደ ግራ ትገፋዋለች። ለካ ዓይኗም እጇም ጥፋት የለባቸውም።

«ያ ጥግ ላይ ያለው ምን ሆኖ ነው የማይነካው?» አልኳቸው አሰልጣኙን።

«አሮጌ ነው፣ እጀታው ተሰንጥቋል» አሉ። «ግን ቀላል ነው። ቃታውም ብሎኑን ስታላላው ወደ ኋላ ይመጣል።»

«ታዲያ ለእሷ ከዚህ በላይ ምን ይምጣላት?»

«እኔ እንጃ፣ ማንም መርጦት አያውቅማ» አሉ።

እጀታው የኔ ፈንታ ሆነ። ችግሩ የጨበጠ እጅ በሜትር አይለካም። መላውን ያመጣችው እሷ ናት፤ ከሥራ እንደወጣች፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ እርሾ ያልገባበት ጠጣር ሊጥ ይዛ ወርክሾፔ መጣች። አሮጌውን እጀታ ፈታሁና ሊጡን ብረቱ ላይ ለጥፋ ጨበጠችው። ስትለቀው የእያንዳንዱ ጣት ቦታ ቁልጭ ብሎ ቀረ። እሱን እያየሁ ከወይራ እንጨት፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት፣ አራት ቀን ቀረጽኩ።

ስትይዘው ጣቷ ቃታው ላይ በልኩ አረፈ። ልምምዱ ሁልጊዜ ከሥራ በኋላ ነው፤ በዚያ ሳምንት ጥይቷ መሃል መሃሉን ይበሳ ጀመር። እኔም በሰፈሩ ጉራዬን ነፋሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ ተኝታ አድራ መጣች። ለመሞከሪያ አምስት ተኮሰች። አምስቱም ወዲያና ወዲህ ሄዱ። ዞር ብላ አየችኝ።

«ይንቀሳቀስብኛል» አለች በሹክሹክታ።

«እንዴት ተብሎ? ያው እጀታ፣ ያው እጅ።»

መዳፏን ዘርግታ እንደማታውቀው ሰው እጅ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀለበቷን ያዘችና አሽከረከረችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀለበት ከሥራ ስወጣ ንቅንቅ አይልም። ልኬን መቼ ነው የወሰድነው?»

አይ እኔ። ከንጋት ጀምሮ ሊጥ ሲደልቅ ውሎ ያበጠ እጅ ለክቼ፣ ላረፈ እጅ አስጨበጥኩት። የለመደ ዓይን አያይም፤ እሷም እኔም ያን እጅ በየቀኑ እያየነው ነው ያመለጠን። ለመገላገል ብዬ እጀታውን በጨርቅ እንጠቅልለው አልኩ፤ አሰልጣኙ ደንብ አይፈቅድም አሉ።

«ስንት ሰው ይቀድመኛል?» አለቻቸው።

«ሦስት። አንድ ሰዓት ይወስዳል።»

ወዴት እንደምትሄድ ሳትናገር ወጣች፤ ተከተልኳት። ዳቦ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ባልደረቦቿ በዕረፍት ቀንሽ ምን ፈልገሽ መጣሽ ቢሏትም እጅጌዋን ሰብስባ የአንዲቱን ሊጥ ተቀበለቻት። ደለቀች፣ አጠፈች፣ ደለቀች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሷ ቀለበቷን። ሃምሳ ደቂቃ ሲሞላ ቀለበቱ አልዞር አለ።

ተራዋ ሲደርስ ፊቷ ላይ ዱቄት እንዳለ ቆመች። አርባውን ተኩስ በጣቴ ቆጠርኩ። አሰልጣኙ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጡ፣ ደመሩ፣ ደግመው ደመሩ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ» አሉ። ከዚያ እጀታውን በጣታቸው ነክተው ነጩን አዩ። «ይሄ ምንድነው?»

«ዱቄት ነው» አለች ድንቢጥ፣ ሌላ ሳትጨምር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጥፋቴ ከነከነኝ። «በዕረፍት ቀንሽ የምትይዥው ሌላ እሠራልሻለሁ፤ ቀጠን ያለ» አልኳት።

«ተወው ጋሼ። ያ የሚሆነው ላረፍኩበት እጄ ነው» አለች ዱቄት የነካውን መዳፏን እያሳየችኝ። «ይሄኛው የሠራሁበት ነው።»

መንገድ ላይ አቆምኳትና እጇን፣ ከነዱቄቱ፣ ሳምኩት።