አስታማሚ የሌለው አልጋ

ሲስተር ሐመልማልን ደባርቅ ውስጥ የማያውቃት ሰው አልነበረም። ገበያ ስትወጣ በርበሬ ሻጯ ከመቀመጫዋ ትነሳላታለች፣ ባለሱቁ ወረፋ ያስቀድማታል፣ ሰካራሙ ሳይቀር ጥግ ይዞ ያሳልፋታል። የከተማውን ልጅ ግማሹን በእጇ ወግታዋለች፤ ወላጆቹንም አስታምማለች። ታዲያ ያ ሁሉ እጅ የሚነሳት ሰው አንድ ቀን እንኳ "ቤትሽ ወዴት ነው?" ብሏት አያውቅም። የተከበረ ሰው ቤት ዝም ብሎ አይኬድም ይባል ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እጅ መንሳት አንዳንዴ ሰውን ከሩቅ መሸኛ ዘዴ ነው።

የተወለደችው ዳባት ነው። አባቷ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ልጅ ሳለች ሞቱባት። ባልም አግብታ ነበር፤ የጭነት መኪና ሹፌር። "ሁመራ ደርሼ ልምጣ" እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን የሚጠይቃት ሲኖር "መንገድ ላይ ነው" ትል ነበር፤ ኋላ ኋላ ጠያቂውም ጠፋ። የቀሯት እናቷ ወይዘሮ ዓለምዬ ነበሩ። እሳቸውም፣ ሐመልማል ደባርቅ ላይ የሰው እናት ስታስታምም፣ ታመሙና ጎረቤት ተሸክሞ ራቅ ያለ ከተማ ሆስፒታል አስገባቸው። ጎረቤትም እርሻ አለው፣ ከብት አለው፤ አስገብቷቸው ተመለሰ። ሐመልማል መልእክቱ ደርሷት ስትሄድ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ አገኘች። ከጎን የተኛችው ሴት ናት የነገረቻት፤ "ምግቡንስ ያመጡላቸው ነበር እህቴ፤ ራስጌያቸው አስቀምጠውላቸው ይሄዳሉ። እጃቸው አይደርስ፣ የሚያጎርሳቸው የለ። እንደቀረበ ይነሳል።" ይህን ሐመልማል ለማንም አልተናገረችም። እህል በቀመሰች ቁጥር ግን ትዝ ይላት ነበር።

በእኛ አገር አስታማሚ ማለት ግማሽ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ያዛል፣ ነርሷ ትወጋለች፤ ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ፖፖ ማቅረቡ፣ መድኃኒት ፍለጋ መሯሯጡ የዘመድ ሥራ ነው። ዘመድ የሌለውስ? ዘመድ የሌለውማ ይተኛል፤ ጀርባው እስኪላጥ ይተኛል።

በ2001 ዓ.ም. ግድም በየመሥሪያ ቤቱ "ለውጥ" የሚባል ነገር መጣ። ሐመልማል የምትሠራበት ሆስፒታል ሠራተኛም ስልጠና ገባ፤ ወረቀት ላይ ሳጥንና ቀስት መሣል ተማረ። እሷ ከቀስቱ ብዙም አልገባትም። እጇን አውጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ብቻውን የመጣ በሽተኛ ከነርሶች ክፍል አጠገብ ይተኛ፣ እኛም ተራ ገብተን እናጉርሰው፣ እናገላብጠው። "ሲስተር፣ ነርሶች ነን ወይስ ሞግዚቶች?" ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። ኃላፊው ግን ነገሩ ወጪ የለውምና ፈቀደላት።

ይህን ለማድረግ ብቻውን የመጣውን መለየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐመልማል የሚተኛውን ሰው ሁሉ ገና ከበር "ዘመድ አለዎት?" ብላ መጠየቅ ጀመረች። ሥራው ያዘላት። ጀርባው የሚቆስል በሽተኛ ቀረ፤ ሳይነካ የሚነሳ ሳህን ቀረ። ደስ አላት። ከስንት ዓመት በኋላ ከልቧ ደስ አላት።

በታኅሣሥ ብርድ፣ በገበያ ቀን፣ ከጊች ደጋ የወረዱ ገበያተኞች አያ ይግዛው የሚባሉ ሽማግሌ በበቅሎ ጭነው አመጡና በር ላይ አውርደዋቸው ሄዱ። አያ ይግዛው ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሸጊቱ ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ የሳንባ ምች መሆኑን ነገራት፤ መርፌውን ሳያቋርጡ ከወሰዱ በእግራቸው አገራቸው ይገባሉ፣ ካቋረጡ ግን አይተርፉም አለ።

ሐመልማል ፈገግ እያለች ቀረበቻቸው።

"አባቴ፣ ዘመድ አለዎት?"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። "እንዲህ ነው እንዴ ልጄ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ምኑ አባቴ?"

"ምንም። የለኝም። ሸጊቱም ቀድማኛለች።"

"እኛ አለንልዎት። ምንም አይሆኑም፣ ይድናሉ።"

አያ ይግዛው "እግዜር ይስጥሽ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሾርባ አምጥታ በእጇ ብታጎርሳቸው ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ተዉት። በማግሥቱ የንስሐ አባት ይፈለግልኝ አሉ። ሐመልማል ራሷ ሄዳ ከአቅራቢያው ደብር መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ይዛላቸው መጣች፤ ይህንንም ለበሽተኞቿ ከምታደርገው መልካም ነገር ቆጠረችው። ሰኞ ጠዋት መርፌዋን ይዛ ስትመጣ አልጋው ባዶ ነው። የሆስፒታሉ ብርድ ልብስ በሥርዓት ታጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

"ክንዴ፣ ሽማግሌው የት ሄዱ?" አለች። ክንዴ ከጎን የተኛ፣ እግሩ የተሰበረ የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ነው።

"ጎሕ ሲቀድ ወጡ። እኔማ እርስዎ የሸኟቸው መስሎኝ።"

"እኔ ምን አድርጌ?"

"ኧረ ሲስተር! 'ዘመድ አለዎት?' አሏቸው። ሐኪም ቤት ዘመድ የሚፈለገው ለምንድን ነው? 'ቤቱ ወስዳችሁ አሳርፉት' ለማለት አይደለም? ቀጥለው 'ይድናሉ' አሏቸው። ቀጥለው በእጅዎ አጎረሷቸው። በዚህ ላይ ቄስ! ምን ቀረ? መገነዙ ብቻ።" ሊስቅ ብሎ እግሩ አመመውና ተወው። "እኔንም የጠየቁኝ ቀን ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ደግነቱ እግሬ ተሰብሯል፤ የት እሄዳለሁ?"

ሐመልማል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የማታውቀው ነገር ቢሆን ባልከፋት። ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ሲኖር ዘመድ ወደ ውጭ ጠርታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትነግር ራሷ ነበረች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እሷ በአንድ ቃል ከሁለቱም አጠፋች። ከሽማግሌው በፊትም ሳይሰናበቱ የጠፉ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ "ውለታ ቢሶች" ብላቸው ነበር። አሁን ፊታቸው አንድ በአንድ መጣባት።

ሥራዋን ለባልደረባዋ ትታ፣ መርፌና መድኃኒቱን በቦርሳ ይዛ መንገድ ወጣች። በጊች አቅጣጫ ወደ ጃን አሞራ የሚሄድ አይሱዙ ሹፌር ሲያያት ከጋቢናው ሰው አውርዶ አስቀመጣት። ሽማግሌው የት እንደሚሄዱ መገመት አያዳግትም። ደገኛ ሰው ሞቱን ካወቀ ሬሳው ለሰው ሸክም እንዲሆን አይፈልግም፤ በእግሩ ሄዶ፣ በደብሩ፣ ከወገኑ አጠገብ ማረፍ ይሻል። ግን ያ ደረት ያን ዳገት አይወጣም። "እመብርሃን፣ ሳይመሽ አገናኚኝ" እያለች በየጎጆው እያስቆመች ጠየቀች። ሹፌሩ አንድ ጊዜም አልተነጫነጨባትም፤ ለሲስተር ማን ይነጫነጫል?

ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ ሳይደረስ፣ መንገድ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት ሴት ወጣችና "አንድ አባት እሳት ዳር አሉ። ትንሽ ልረፍ ብለው ገቡ፤ መነሳት አቃታቸው" አለቻት።

አያ ይግዛው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ከበር ይሰማል። ሐመልማል ተንበረከከች።

"አባቴ፣ ይነሱ እንመለስ። ሕመምዎ የሚድን ነው።"

"እንዴታ ልጄ። ይድናል" አሉ፣ እሷን ለማጽናናት።

"እውነቴን ነው! እመብርሃንን!"

"አትማዪ። እኔም ለሸጊቱ 'ትድኛለሽ' ብዬ ምዬላት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀበርኋት።"

እኛ ለታመመ ሰው እውነት አንነግርም፤ ደግ ቃላችንን ሁሉ ለውሸት ጨርሰነዋል። እውነቱን መናገር ያስፈለገ ቀን ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ሐመልማል ለመነች፣ መድኃኒቱን አሳየች፣ ሐኪሙ ያለውን ደገመች። ደግ በሆነች ቁጥር ሽማግሌው ይበልጥ ስንብት ያዙ። ጭራሽ ይመርቋት ጀመር።

ያን ጊዜ የሆነ ነገር ተበጠሰባት። ብልሃት አልነበረም፤ ንዴት ነው፣ የስንት ዓመት ንዴት።

"ምን ዓይነት ግትር ሽማግሌ ነዎት!" ብላ ጮኸች። "ማን ፈቅዶልዎት ነው የወጡት? ሾርባውን ተዉት፣ መርፌውን ተዉት፣ በዚህ ደረት በዚህ ብርድ ዳገት ይወጣሉ! እኔ ሥራ የለኝም? ሜዳ ለሜዳ እርስዎን ስፈልግ ልዋል? በቅሎ እንኳ ሲያማት ትተኛለች! የሚያጎርሰው አጥቶ የሚሞት አለ፤ እርስዎ የቀረበልዎትን ገፍተው ይሄዳሉ!"

የጎጆዋ ባለቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ኧረ ሲስተር! በታመመ ሰው!"

አያ ይግዛው ቀና አሉ። "ተቆጣሽ?"

"ተቆጣሁ እንጂ!"

"የምርሽን?"

"የምሬን ነው! እግርዎ ቢያነሳማ ኖሮ እየገፈተርኩ እወስድዎት ነበር!"

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ፊቷን አዩት። "የሚሞት ሰውማ አይቆጡትም" አሉ በመጨረሻ። "ሸጊቱን አልጋ ከያዘች ወዲህ አንዲት ቀን አልተቆጣኋት። በይ አንሺኝ።"

መርፌውን እዚያው ወጋቻቸው። ነጠላዋን አውልቃ ደረታቸው ላይ ጠመጠመችላቸውና ከጃን አሞራ በሚመለሰው አውቶቡስ ይዛቸው ወረደች። ትከሻዋ ላይ ተደግፈው ነበር። "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም" አሏት እንደ ዋዛ። "ሰው ሁሉ 'አባቴ' እያለ አክብሮኝ ያልፋል።" ሐመልማል ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች። እሳቸው አቧራ የገባባት መሰላቸው።

ሽማግሌው ዳኑ፤ ሲድኑ ደግሞ ሾርባው ጨው አነሰው እያሉ ነርሶቹን አማረሩ። እሷም ከዚያ ወዲህ የሚተኛውን ሰው "ምሳዎን ማን ያቅርብልዎ?" ብላ መጠየቅ ጀመረች፤ በዚህ የደነገጠ በሽተኛ የለም።

ያን ሰኞ ግን ሽማግሌውን አስተኝታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ፀሐይ ገብታ ነበር። አቧራ ለብሳለች፣ ነጠላ የላትም፣ እህል አልቀመሰችም። አከራይዋ ወይዘሮ የሺወርቅ ግቢው በር ላይ አገኘቻትና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

"እንዴት አመሹ ሲስተር።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።" ሐመልማል አላለፈችም፤ ቆመች። "ዛሬ በጣም ቆየሁ" አለች።

"ሥራ ነዋ፤ እግዜር ያበርታዎ" አለች የሺወርቅ፣ መንገዱንም ለቀቀችላት።

ሐመልማል ቤቷን ከፍታ ገባች። ጨለማው ውስጥ በሩን ዘጋች።

"አንቺ ልጅ!" አለች ለራሷ ጮክ ብላ፣ በቁጣ። "በዚህ ብርድ ያለ ነጠላ እስካሁን የት ነበርሽ?"

ከዚያ መብራቱን አበራች።