ሙሽሪትን ያወረዳት አበባው ነው እንጂ መኪናዬ አይደለችም

ዛሬ ቃሊቲ አስፋልት ዳር ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ከእኔ ስፖርት መኪና ወርዳ ሚኒባስ ውስጥ ገባች!

ሞተሩ ግሎ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ጊዜ ነው ያቆምኩት። ሚዜው "ወንድም፣ በዚህ ቆርቆሮ ነው ሙሽራ የምትጭነው?" አለኝ።

አሮጌ መሆኗን አልክድም። ለዚህም ነው የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣ በገዛ እጄ ከፊቷ የገጠምኩላት። አቃቂ ውስጥ እንዲህ አሳምሮ የገጠመ ካለ ጺሜን እላጫለሁ!

ማቀዝቀዣው ንፋስ ስለሚፈልግ "እዚህ አበባ አይለጠፍም" ብዬ ጽፌበታለሁ። በማታ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ከተማርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ማስታወቂያ ነው፤ ፊደሌ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር!

የሰርጉ ዲኮር ሠሪ ግን ጽሑፉንም ማቀዝቀዣውንም በአበባ ድፍን አድርጎታል። ደውዬ ስጮህበት "ብሮ፣ አንብቤዋለሁ፤ ፎቶ እንዳያበላሽ ብዬ ነው የሸፈንኩት" አይለኝ መሰላችሁ!

እናንተስ ለጌጥ ተብሎ ምን ተበላሸባችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ዘንድሮ ራሴ ነኝ የማነበው።