አሮጌው ስልኬ አክስቴ እጅ ሲገባ

ያን ዓመት ለገና ራሴን ልሸልም ወሰንኩ። ሌላ የሚሸልመኝ ጠፍቶ አይደለም፤ እናቴ ሁልጊዜ የምትሸልመኝ ካልሲ ስለሆነ ነው። የእንጅባራ ብርድ ይታወቃል፣ ካልሲው ይጠቅማል፤ ግን ካልሲ ፎቶ አያነሳም። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስተይብ ያገኘኋትን ይዤ፣ ገና ሊደርስ ሲል በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ወረድኩ።

እንጅባራም ስልክ ሞልቷል። ግን እዚያ ብገዛ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይደርሳል፤ እኔ ደግሞ ራሴ ከኪሴ መዝዤ ላስደነግጣቸው ነው የፈለግኩት። ከመናኸሪያው ጋሪ ተሳፈርኩ። ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝና፣

«ብቻሽን የምትስቂው ምን ልትገዢ ነው?» አለኝ።

«ስልክ!»

«ባለ ቁልፍ ነው ታች ስክሪን?»

«ታች ስክሪን ነዋ!»

«እንግዲያው ስትመለሽ ፈረሴን ፎቶ አንሺው። ከእኔ እሱ ይሻላል።»

ስመለስ አነሳሁት። ፈረሱ ልክ ስነካው አንገቱን ሰበቀና የአዲሱ ስልኬ የመጀመሪያ ፎቶ አንድ ጆሮና ብዙ ሰማይ ሆነ። እኔ ግን በደስታ እንጅባራ እስክደርስ ሃያ ጊዜ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ላስቲክም አላነሳሁም፤ እሷ ካለች ስልኩ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

እኛ ቤት ስልክ እንደ ልብስ ነው፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳል። አሮጌው ስልኬ መጀመሪያ የአባቴ፣ ከዚያ የእናቴ ነበር። ከእኔ በታች የሚወርድለት ሰው ስለሌለ ወደ ላይ ተመለሰና ለአክስቴ ደረሰ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከግምጃ ቤት ከተማ አለፍ ብሎ ገጠር ይኖራሉ፣ ለገና ሁልጊዜ እኛ ጋ ይመጣሉ። የእሳቸው ስልክ ውኃ ገብቶበት ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

እኔም ለጋስ ሆኜ ሲሜን አወጣሁና ስልኩን ሰጠኋቸው። በእኔ ቤት ሲም ከወጣ ስልክ ባዶ ሣጥን ነው፤ ያለኝ ነገር ሁሉ ሲሙ ላይ ነው ብዬ ነዋ! ስልኩ ራሱ እንደሚያስታውስ ማን ነገረኝ?

የሚያስታውሰው ደግሞ ብዙ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ በዙሪያዬ ያለ ሰው ሁሉ ከእጄ አላመለጠም። ያየሁትን ሁሉ መልእክት መጻፊያው ላይ እጽፋለሁ፤ ለማንም አልልክም፤ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል።

የገና ዕለት ምሳ ከተበላ በኋላ አክስቴ ስልኩን አገላብጠው፣ «አንች ልጅ፣ ይህንን አሳዪኝ እስኪ» አሉኝ። እኔ ዕውቀቴን ላሳይ ተንደረደርኩ።

«ይቺን ሲጫኑ መልእክት ይከፈታል፤ ይቺን ሲጫኑ ወደ ታች ይወርዳል።»

ወረዱ። ከፈቱም። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ጮክ ብለው ጀመሩ።

«አ… ክ… ስ… ቴ…»

አክስቴ ማንበብ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር! ለካ ልጆቻቸውን ሲያስጠኑ አብረው ተምረዋል። ልቀማቸው እጄን ብዘረጋ ክርናቸውን አጠፉብኝ።

«አክስቴ… ስልክ ሲደውሉ… ካርዱ ሰላምታ ላይ ያልቃል። አባቴን፣ እናቴን፣ ጎረቤቱን፣ ግቢ ያለችውን ዶሮ ሳይቀር… ደህና ናት ወይ ብለው… ቁም ነገሩ ጋ ሲደርሱ ጢው ይላል። ባለፈው ‹በሬው…› ብለው ተቋረጠ። አባቴ በሬው ሞተ ብሎ ግምጃ ቤት ድረስ በረረ። በሬው ቆሞ ያመሰኳል።»

አባቴ ሳቁን ሊውጥ ብሎ ትን አለው። እናቴ ወደ እኔ ያየችው አስተያየት ዛሬም አልወጣልኝም። አክስቴን ስለምታውቃቸው ነው። አንዴ አንዲት ጎረቤታቸው በአንድ ቃል አስቀይማቸው ሦስት ዓመት ደጇን አልረገጡም። አሁን ነጠላቸውን አንስተው ቢወጡ፣ ገና በመጣ ቁጥር ያቺ ባዶ ወንበር የእኔ ሥራ ናት።

ከሜዳው በኩል የገና ተጫዋቾች ጩኸት ይሰማል። እዚያ ልጁ ትልልቁን ሰውዬ እየጠራ ይተርበዋል፣ ማንም አይከፋውም። እኔም በዚያች ልማድ ተንጠላጠልኩ።

«አክስቴ፣ እንደው ዛሬ ገና ነው ብለው…»

«ገናው ያለ ሜዳ ላይ ነው» አሉኝ። «ይሄ ቤት ነው።»

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው እኔ በማልሰማው በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ምን አሉ? አባ፣ ምን አሉ?»

«ይሄ የሚጻፍ አይደለም» ብሎኝ አረፈ።

አክስቴ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጡት። «በሬ ያልሽው ማንን ነው?»

«የሞተ የመሰለንን… ያልሞተውን…»

«ላሚቱ ናት! ‹ላሚቱ…› ስል ነው የተቋረጠብኝ፤ አንች በሬ አደረግሻት! ወልዳ፣ ደስ ብሎኝ ነው የደወልሁ! ቆሞ ያመሰኳል ትለኛለች ደግሞ! ጥጃዋን እየላሰች ነበረ! ወንድሜ ሲገባ አይቷል፤ ዓይን አለው።»

«እውነቷን ነው» አለ አባቴ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«እና… ስለ ካርዱ አልተቀየሙም?»

«ካርዱማ ያልቃል፤ ምን ውሸት አለው? ያን ትልቅ ስልክሽን አምጪና አስተካክለሽ ጻፊ።»

አመጣሁ። ጣቴ በብርድና በድንጋጤ ደንዝዞ አንዱን ፊደል ስነካ ጎረቤቱ ይጻፋል። ያቺ የምሳሳላት ላስቲክም አረፋ ሠርታ አስቸገረችኝ፤ በገዛ እጄ ላጥኳት። በሬውን ላም አደረግሁ፣ ጥጃዋን አስላስኩ፣ አክስቴንም ላለማስቀየም ክቡር ክቡር ቃላት ደረደርኩላቸውና በጥንቃቄ አነበብኩ።

አክስቴ እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እናቴን አዩ፤ እናቴ አልሳቀችም። አባቴን አዩ፤ እሱም አልሳቀም።

«የት ሄደ ሳቁ?» አሉኝ። «ዶሮዪቱስ የት ገባች? መልሰሽ አምጫት። ሳቁን መልሺው፣ ላሚቱን ግን አትንኪብኝ!»