ከኢድ በፊት የተቀዳ ደም

ኢክላስ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መጋረጃ ትሰፋለች። ግድግዳ ስለምንጋራ የስፌት መኪናዋን ድምፅ እንደ ራሴ ሰዓት ለምጄዋለሁ። በዚህ ረመዳን ግን መኪናው ዝምታ አበዛ።

ሰባት ወሯን ይዛ ትፆማለች። ነፍሰ ጡር እንድታፈጥር እንደተፈቀደ አጥታው አይደለም። "በኋላ ያለፈኝን ፆም ብቻዬን ቀዷ ከማወጣ አሁን ከሰው ጋር ይቀለኛል" ባይ ናት። ራሷን ሲያማት የፆም ነው፤ ዓይኗን ሲያጭበረብራትም የፆም ነው። ፊቷና እግሯ ሲነፋማ ሰፈሩ "ደላት፣ ወፈረች!" አለ። እኔ አውራ ጣቴን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ብጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ፈራሁ።

ጤና ጣቢያ "ግፊትሽ ትንሽ ከፍ ብሏል" ብለው ሆስፒታል ላኳት። እዚያ ለጥናት የተጀመረ የደም ምርመራ አለ። እንግዴ ልጁ ወደ እናት ደም የሚለቀውን እየለካ፣ ግፊቱ እናትና ልጅን የሚጥል ዓይነት መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ይጠቁማል። እሷ ግን "ደም ሰጥቼማ ፆሜን አልጨርስም፤ ከኢድ በኋላ" ብላ ተመለሰች።

ደሜ ፈላ። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንጂ፣ ከኢድ በኋላ ምን ልትሆኚ?" ብዬ ጮህኩባት። ስለ ረመዳን የክርስቲያን ምክር እንደማትሰማ ሲገባኝ፣ አብነት ሰፈር ድረስ ሄጄ አባቷን ሼህ ሁመድን አመጣኋቸው።

ሽማግሌው ፀሐይ አናት ላይ እያለች በብርጭቆ ውሃ ቀድተው ዘረጉላት።

"ልጄ፣ አላህ ያቀለለልሽን አንቺ ለምን ታከብጂዋለሽ? ጠጪ።"

እያለቀሰች ጠጣች። በማግስቱ ደሟ ተቀዳ። ሐኪሟ ውጤቱን ስታይ ወደ ቤት አልላከቻትም፤ እዚያው አስተኛቻት። ብዙ ሳይቆይ ግፊቷ አልመለስ አለ፤ ልጅቷን ያለ ጊዜዋ በኦፕሬሽን አወጧት።

የኢድ ዕለት ልጠይቃት ሄድኩ። ባሏ ሙደሲር የኢድ ልብሱን እንደለበሰ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ቆሟል፤ ልጁን ገና አላቀፋትም።

ኢክላስ እጄን ያዘች። "እትዬ ዕፀገነት፣ ከኢድ በኋላ ብዬ ነበር እኮ።"

እግሯን በጣቴ ጫን አልኩ። ጣቴ ያጎደጎደው አሁን ቀስ ብሎ ሞላ። እሷ ተርፋለች። ልጅቷ ግን ዛሬም የምትተነፍሰው በማሽን ነው።