በሞቴ የማይባልበት ማዕድ

በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ ላይ ለከሳች ሴት ይታዘንላት ነበር እንጂ አትመሰገንም። «ወፈርሽ» መባል እንደ ምርቃት ነው። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጉልበታችንን ዳሶ፣ ሰውነታችን እንደ ከበደና ቅቤና ጠላ መቀነስ እንዳለብን ሲነግረን የሰደበን መስሎን አኩርፈን ወጣን።

ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ የእህል ነጋዴው ሚስት የሆነችው ጎረቤቴና «እመይቴ» የምንላቸው አንዲት ባልቴት። ሁለተኛ ደረጃ ተምሬ የመጣሁ አስተማሪ ስለ ነበርኩ፣ ጉልበታችን አልሻል ሲለን ክብደት የመቀነሻውን ማኅበር ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። መስቀል ባለፈ ሰሞን ተስማማን፤ በጥር እስከ ቤተ ልሔም ደብር ድረስ በእግራችን ሄደን ልንሳለም። የጎረቤቴ እናት የተቀበረችው እዚያ ነው። ጉልበቷ ካመማት ጀምሮ መቃብሩን አላየችውም፤ በቅሎም የላትም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በየተራ ቤት እንገናኛለን። እያንዳንዳችን መቀነታችንን ወገባችን ላይ አንድ ዙር እናዞርና የገጠመበት ላይ ቀይ ክር እንሰፋለን። ከዚያ አንዳንድ እንጀራ በሽሮ እንበላለን። ዋናው ደንብ ግን ማንም ማንንም «በሞቴ» ብሎ እንዳያጎርስ ነው። እመይቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

«ታዲያ እንግዳ መሆናችንን በምን እናውቃለን?» አሉ።

በአምስተኛው እሑድ የጎረቤቴ ክር አራት ጣት ገባ። የኔ አንድ ጣት። የእመይቴ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ «የሚወፍረው መቀነቱ ነው» ይላሉ።

ገበያ ውስጥ ሴቶች ጎረቤቴን «ምነው እታለም፣ ታመሽ ነው?» እያሉ ሲያዝኑላት እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

«ደህና ነኝ፤ እየቀለለኝ ነው» ትላቸዋለች። እሱን ስሰማ ደስታዬ ይጠፋል።

ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ስለ ሰው መልክ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጽፍ ጎረቤቴ አለፈች።

«ያች ሴትዮ እኮ ልጅ ሆነች» አለ።

ወደ ጽሑፉ ተመለሰ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ቀን በኋላ በደጃችን ባለፈች ቁጥር አረማመዷን አያለሁ።

ተራው እኔ ቤት የደረሰው በገና ጾም ቅበላ ነው። ዶሮ ሠራሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ጎረቤቴ፣ ሽታው ገና በር ላይ ሲቀበላት።

«ቅበላ አይደለም እንዴ?»

ተለካን። የሷ ክር ሌላ አንድ ጣት ገብቷል። የኔ ተመልሶ ወጥቷል። ማዕዱ ቀርቦ ከተቀመጥን በኋላ በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፏ ዘረጋሁ።

«አይ እታለም፣ ደንባችን...»

«በሞቴ።»

እመይቴ መብላታቸውን አቆሙ።

«አፈር ስሆን» አልኳት። «የማትወጂኝ ከሆነ ተይው።»

አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን ጠቀለልኩ፤ ሦስተኛውንም። እያንዳንዱን ከፊተኛው አስበልጬ ነበር የምጠቀልለው። ስታኝክ ዐይኗ እኔ ላይ ነበር። የማደርገውን ታውቃለች። ስትጨርስ እጇን ታጥባ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼስ መውደድ አይደለም» አሉኝ እመይቴ።

በሚቀጥለው እሑድ እመይቴ ቤት የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጎረቤቴ አልመጣችም። እመይቴ «እንግዲህ ደንቡ ፈርሷል» ብለው የሽሮውን ጉርሻ «በሞቴ» እያሉ ሰጡኝ፤ በላሁ። ማኅበራችን በዚያው ቀረ። መቀነቴን መለካት ተውኩ። ጎረቤቴ ግን ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ በመስኮቴ አያታለሁ። ነጠላዋን ያሰረችበት መቀነት ጫፉ እየረዘመ ሄደ።

ጥር ላይ ባለቤቴ በቅሎ ጫነልኝ። ጎረቤቴ ከሌሎች ተጓዦች ጋር በእግሯ ወጣች። ዳገቱ ላይ ከበቅሎዬ ቀደመች። ጀርባዋን እያየሁ ተከተልኳት።

ምንጩ ጋ ስንደርስ ተቀምጣ አገኘኋት። በቅሎዬን ላጠጣ ወረድኩ። የገብስ ቆሎ የያዘችበትን ከረጢት ፈትታ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ቅመሽ» አለች።

ስላደረግሁባት ነገር አንድ ቃል መናገር የሚቻለው ያን ጊዜ ነበር። አልተናገርኩም። ጥቂት ቆነጠርኩና፣ ጨምሪ ብላ እስክትለምነኝ ጠበቅሁ።

እሷ ደንባችንን አልረሳችም። ከረጢቱን ቋጥራ ተነሣች። እኔ በቅሎዬ ላይ እስክወጣ የሚቀጥለውን ዳገት አጋምሳው ነበር።