የተቆለፈው ፓኬጅ

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም «እቴ ገመድ» ይላታል። ኮምፒውተር ስትጠግን አፏ አያርፍም፤ ስድቡን የሚጠጣው ማሽኑ ስለሆነ ግን የሚቀየማት የለም። አንድ ክፉ አመል አላት፤ የሠራችውን አትጽፍም። «ታዲያ ይሄን ጭንቅላት ለምን ተሸከምኩት?» ትላለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት የላቦራቶሪውን የውጤት ማተሚያ ፕሮግራም አድሳ ገና ከመውጣቷ መልሰው ጠሯት። ፕሮግራሙ አልነሳም ብሏል። ቀዶ ጥገና ክፍል ያለች ወላድ ደም ያስፈልጋታል፤ የደም ዓይነቷ ታትሞ ካልቀረበ ደግሞ ከደም ማከማቻው አንዲት ከረጢት አትወጣም።

አዲሱ ፕሮግራም ፊደልና ምልክት የሚያትምለት አዲስ ፓኬጅ፣ ማለትም ረዳት ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ፓኬጁን ልትጭን ስትሞክር ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ እምቢ አለ፤ አሮጌው እንዳይቀየር ተቆልፏል፣ አይነካም። ፕሮግራሙ ወደ ፓኬጁ ይመራታል፣ ፓኬጁ ወደ ቁልፉ። ከቢሮ ቢሮ እንደሚንከራተት ባለጉዳይ አደረጓት።

«የትኛው እብድ ነው ይሄን የቆለፈው?» ብላ ጮኸች።

«እቴ፣ ምክንያት ይኖረው ይሆናል» አለ የላቦራቶሪው ኃላፊ።

«ምክንያቱን ይዞ ይቀመጥ! ሴትዮዋ እየደማች አይደል እንዴ?»

ቁልፉን ፈታች፤ አዲሱን ጫነች። ፕሮግራሙ ተነሳ፤ ወረቀቱም ወጣ። እፎይ ብላ ወንበሩን ተደገፈች። ኃላፊው ግን ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

«ኦ ኔጋቲቭ ናት እኮ። የመቀነስ ምልክቷ የታለች?»

ወረቀቱ ላይ ያለው ኦ ብቻ ነው። እቴ ገመድ ክው አለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ይኸው አዲሱ ፓኬጅ ገና እንደወጣ ይህንኑ ምልክት ሲውጥ አይታ፣ አሮጌውን በገዛ እጇ የቆለፈችው እሷ ነበረች።

አዲሱን ፕሮግራምም አዲሱን ፓኬጅም ነቅላ አሮጌዎቹን መለሰች። ሁለት ጊዜ ትእዛዙን አሳስታ ጻፈች፤ ንዴቷ አሁን በራሷ ላይ ነበር። ወረቀቱ ከነምልክቱ ሲወጣ ኃላፊው ነጥቋት ሮጠ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

«ደርሷል፤ ደሙ እየተሰጣት ነው» አላት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «የመረመርኳት እኔው ስለሆንኩ ነው እንጂ፣ ሌላ ተረኛ ቢሆን ኦ ፖዘቲቭ መስሎት የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ነበር የሚሮጠው። ምልክት እንደጎደለው በምን ያውቃል?»

እቴ ገመድ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለማንም ሳልናገር።»